«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት በእጃችን ባለው ስልክ እንፈትሽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሰሜን ሸዋ ዞን ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ እስከ ሸዋ ሮቢት ባሉ መሥሪያ ቤቶች ባለጉዳይ አዘውትሮ ከሚሰማቸው መልሶች አንዱ «ኔትወርክ የለም» የሚለው ነው። ገንዘብ ማስተላለፉም፣ ነዳጅ መቅዳቱም፣ ግብር መክፈሉም፣ የጤና መረጃ መመዝገቡም ዛሬ በኔትወርክ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ ይህ መልስ የአንድን ቤተሰብ የሥራ ቀን ያበላሻል። እኔ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በኮምፒዩተርና በኔትወርክ ጥገና የምተዳደር ሰው ነኝ። በሥራዬ ደጋግሜ የታዘብኩትና በጋዜጣችሁ በኩል ላሳስበው የምፈልገው ጉዳይ አንድ ነው፦ ግንኙነቱ የተቋረጠበትን ቦታ በእጅ በያዝነው ስልክ ወይም ታብሌት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መለየት እየተቻለ፣ ይህን ማድረግ የሠራተኛው የዕለት ልማድ ስላልሆነ ብልሽቱ ከሚገባው በላይ ይቆያል፤ ጥፋቱም ምንም ላላጠፋ አካል ይሰጣል።

መሣሪያው ፒንግ ይባላል። ሥራው ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ መልእክት መላክ፣ አድራሻው መልሶ እስኪልካት ያለውን ጊዜ መለካት፣ ከተላኩትም ስንቱ እንደቀሩ መቁጠር ነው። የመንዝ ሰው ከገደል አፋፍ ቆሞ ማዶ ያለውን ዘመዱን ሲጣራ ድምፁ መድረሱን የሚያውቀው ከማዶ «አቤት» ሲባል እንደሆነ ሁሉ፣ ፒንግም መንገዱ ክፍት መሆኑን የሚያውቀው መልስ ሲያገኝ ብቻ ነው። የሚጠቀምበት አይ.ሲ.ኤም.ፒ የተባለው የመገናኛ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1981 በጆን ፖስቴል ተጽፎ ወጣ፤ ፕሮግራሙን ደግሞ በአሜሪካ ጦር የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 አንድ አስቸጋሪ የኔትወርክ ብልሽት ገጥሞት በአንድ ምሽት ጻፈው። ከዚያ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ አልፏል፤ ዛሬም የኔትወርክ ባለሙያ ብልሽት ሲገጥመው መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ ነው።

በአንድሮይድ ስልኮችና ታብሌቶች ውስጥ ፒንግ ከሲስተሙ ጋር አብሮ የተጫነ ነው። ትእዛዝ መጻፊያ ተርሚናል የሚሰጡ መተግበሪያዎች በነፃ ይገኛሉ፤ ትእዛዝ መጻፍ ለሚከብደው ደግሞ አድራሻውን አስገብቶ አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ የሚበቃቸው የፒንግ መተግበሪያዎች ሞልተዋል። ለአይፎንም እንዲሁ መተግበሪያ አውርዶ መጠቀም ይቻላል። በመጋዘን የዕቃ መለያ የሚያነቡት የእጅ ስካነሮችም ዛሬ አብዛኞቹ በአንድሮይድ የሚሠሩ ስለሆኑ ለእነርሱም የሚያገለግለው ይኸው ዘዴ ነው።

ባለፈው ክረምት ለሌላ ሥራ ወደ አንድ የወረዳ ከተማ ሄጄ፣ በአንድ አገልግሎት መስጫ ጽሕፈት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። በመስኮቱ ፊት የቆሙ አንድ ሽማግሌ ገበሬ «አባቴ፣ ኔትወርክ የለም፤ ነገ ይሞክሩ» ሲባሉ «ልጄ፣ ትናንትም እንዲሁ ነው ያላችሁኝ፤ የነገውስ በምን ይታወቃል?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ መልስ አልነበራትም። መስመሩን ወደሚሰጠው ድርጅት ደውላ «በእኛ በኩል ችግር የለም» ተብላለች፤ ሲስተሙ የተጫነበትን ዋና ኮምፒዩተር፣ ማለትም ሰርቨሩን፣ ወደሚያስተዳድረው ቢሮም ደውላ «ሰርቨሩ ይሠራል» ተብላለች፤ ሁለቱም የነገሯት እውነት ነበር። ፈቃድ ጠይቄ ስልኬን ከጽሕፈት ቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኘሁና ፒንግ ማድረግ ጀመርኩ። ራውተሩ፣ ማለትም የጽሕፈት ቤቱን ዋይፋይ ከውጭው መስመር ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ፣ መለሰ፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው መስመር «64 ባይት ከ192.168.1.1፣ ተራ ቁጥር 1፣ ጊዜ 4.2 ሚሊ ሰከንድ» የሚል ትርጉም ያለው ነበር፤ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ቀጥዬ ወደ ውጭ፣ የጎግል የሕዝብ አገልግሎት ወደሆነው 8.8.8.8 ላክሁ፤ የቀረ መልእክት ሳይኖር ሁሉም ተመለሰ። ይህ ማለት የግቢውም ዋይፋይ፣ ከከተማው የሚወጣውም መስመር ደህና ነው ማለት ነው። በመጨረሻ የሲስተሙን አድራሻ በቁጥሩ ሳይሆን በስሙ ስጽፍ ግን ስልኩ ስሙን ጨርሶ እንደማያውቀው ገለጸ። ብልሽቱ ያለው ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ በሚለውጠው በዲ.ኤን.ኤስ ላይ ነበር፤ በራውተሩ ውስጥ የተሞላው የዲ.ኤን.ኤስ አድራሻ ከአገልግሎት የወጣ ሆኖ ተገኘ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ራውተሩን ከፍተው አድራሻውን እንዳስተካከሉ ሲስተሙ ተከፈተ፤ ሽማግሌውም ጉዳያቸው አለቀላቸው። ልጅቷ ከአለቃዋም ከባለጉዳዩም ወቀሳ ስትቀበል ነው የቆየችው፤ ስልኳ ግን ከእኔ ስልክ ያልተናነሰ ነበር። የጎደላት ይህን ያሳያት ሰው ብቻ ነው።

ከላይ ያየነው ቅደም ተከተል የጉዳዩ ዋና ነገር ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። ፍተሻው ከቅርብ ወደ ሩቅ መሄድ አለበት። መጀመሪያ 127.0.0.1 ወደሚለው አድራሻ ይላካል፤ ይህ የራሱ የመሣሪያው አድራሻ ስለሆነ ካልመለሰ ችግሩ እዚያው በእጃችን ላይ ነው፤ የሚገጥመው ግን ከስንት አንዴ ነው። ቀጥሎ ወደ ራውተሩ ይላካል፤ የራውተሩ አድራሻ በስልኩ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ «ጌትዌይ» በሚለው ሥር ተጽፎ ይገኛል። ራውተሩ ካልመለሰ ችግሩ በግቢው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ወደ መስመር ሰጪው ድርጅት መደወል ጊዜ ማጥፋት ነው። ራውተሩ መልሶ የውጭው ካልመለሰ ግን መስመሩ መቋረጡ ስለሚያጠራጥር ያን ጊዜ መደወል ተገቢ ነው። የውጭው በቁጥር መልሶ በስም ካልመለሰ ዲ.ኤን.ኤስ ይታያል። ሁሉም መልሶ ሲስተሙ ካልተከፈተ ጥያቄው ወደ ሲስተሙ ባለቤት መሄድ አለበት። አንድ ሠራተኛ ይህን ለይቶ ሲደውል የሚያነጋግረው ባለሙያም በቁም ነገር ይሰማዋል፤ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ከሚደውል ሰው ጋር ግን ሁለቱም ወገን በግምት ሲነጋገሩ ቀኑ ይመሻል።

እዚህ ላይ በእጅ መሣሪያ ለሚፈትሽ ሰው የተለየ ማስጠንቀቂያ አለ። ስልኩ ዋይፋይም ዳታም አንድ ላይ ከተከፈተበት፣ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲገነዘብ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ወደ ዳታ ሊዞር ይችላል። ያን ጊዜ ፒንጉ የሚመለሰው በሲም ካርዱ በኩል ሆኖ ሳለ ፈታሹ የመሥሪያ ቤቱ መስመር ደህና ነው ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን ዋይፋይ ስንፈትሽ ዳታውን፣ ዳታውን ስንፈትሽ ዋይፋዩን ማጥፋት ግድ ነው። በስክሪኑ አናት ላይ የምናያቸው የምልክት ዘንጎችም ስልኩ ከታወሩ ወይም ከራውተሩ የሚቀበለውን የሬዲዮ ጉልበት እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አያሳዩም። ዘንጎቹ ሞልተው ምንም የማይመለስበት ጊዜ አለ። በእኛ አገር አቀማመጥ ደግሞ ይህ ጎልቶ ይታያል። ከጣርማ በር አፋፍ የቆመ ሰው ስልኩ የደጋውንም የቆላውንም ታወር ስለሚያይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ግንኙነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊዋልል ይችላል፤ በጀማ ሸለቆ ውስጥ ያለው ደግሞ ገደሉ ስለሚጋርደው ጥቂት ርምጃ ወዲያና ወዲህ ማለቱ ብቻ ትልቅ ልዩነት ያመጣበታል።

መልሱ መጣ ማለት ብቻ አይበቃም፤ በስንት ጊዜ መጣ የሚለውም መነበብ አለበት። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ስሌት እያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ደርሶ ለመመለስ አንድ ሚሊ ሰከንድ ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ርቀቱ ብቻውን የሚወስደው ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ብዙም የማይበልጥ ነው፤ በመንገድ ላይ ያሉ መሣሪያዎች የሚጨምሩት ቢታከልበት እንኳ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር በጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መመለስ ይኖርበታል። 400 ሚሊ ሰከንድ ሲወስድ ካየን «እኛ ሩቅ ስለሆንን ነው» የሚለው ምክንያት አይሠራም፤ መስመሩ ተጨናንቋል ወይም የሬዲዮው ግንኙነት ደካማ ነው። ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አገራችንም የባሕር በር ስለሌላት ገመዱ በጎረቤት አገሮች ዞሮ ስለሚወጣ፣ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ መታየቱ የሚያስደነግጥ አይደለም። በሳተላይት ሳህን የሚገናኙ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሌላ መለኪያ ይፈልጋሉ። ከምድር ወገብ በላይ ያለው ቋሚ ሳተላይት 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝና አንድ ፒንግ ይህን ርቀት በመላኪያውና በመልሱ አራት ጊዜ ስለሚያቋርጥ፣ የተሻለ መሣሪያ ቢገዛም ከ470 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊወርድ አይችልም። ይህን የማያውቅ ኃላፊ ባለሙያውን በማይስተካከል ነገር ሲወቅስ ይኖራል።

ከጊዜው ይልቅ አገልግሎትን የሚጎዳው የሚቀረው መልእክት ነው። ከ20 መልእክት ሁለቱ ቢቀሩ ሰነድ ለሚያነብ ሰው ብዙም ላይታወቀው ይችላል፤ የክፍያ ሲስተም ላይ ግን ሒሳቡ ተቆርጦ ደረሰኙ የማይመጣበት አጋጣሚ የሚፈጠረው በእንዲህ ዓይነቱ መስመር ላይ ነው። በመልሶቹ መካከል ያለው መዋዠቅም እንዲሁ ይታይ። አንዱ በ30፣ ቀጣዩ በ600፣ ሦስተኛው በ45 ሚሊ ሰከንድ የሚመለስ ከሆነ አማካዩን ብቻ ማየት ያሳስታል።

የእጅ መሣሪያ ባትሪውን ለመቆጠብ ሲል ሬዲዮውን የሚያስተኛ መሆኑም አይዘንጋ። በዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ ሥራ ሲፈታ ያንቀላፋና ራውተሩ በየ100 ሚሊ ሰከንድ ገደማ የሚያሰማውን ምልክት ለመስማት ብቻ ብቅ ይላል። ስለዚህ ከኮምፒዩተር ወደ ስልክ ወይም ወደ ስካነር ፒንግ ያደረገ ሰው አንዱ መልስ በ5፣ ሌላው በ200 ሚሊ ሰከንድ ሲመጣ ቢያይ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ እንዳይጥለው። ከስልኩ ወደ ራውተሩ ቢልክ የተስተካከለ ውጤት ያገኛል። በዳታም ላይ ስልኩ ጥቂት ከቆየ ከታወሩ ጋር ያለውን ግንኙነት ወደ ዕረፍት ስለሚያወርደው የመጀመሪያው ፒንግ ከሌሎቹ ይዘገያል፤ በአንድ መስመር ብቻ ከመፍረድ ቢያንስ 20 ያህል ልኮ ማየት ይሻላል።

የእጅ መሣሪያ ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚበልጥበት ነገር ይዘውት መንቀሳቀስ መቻሉ ነው፤ እኔም በዚህ እጅግ ተጠቅሜያለሁ። በአንድ ፋብሪካ መጋዘን ስካነሮቹ በየጊዜው ከሲስተሙ እየወጡ ሠራተኛው አዲስ ይገዛልን እስከማለት ደርሶ ነበር። ፒንጉን ሳናቋርጥ ይዘን ከበሩ ወደ ውስጥ ስንሄድ መልሱ መጀመሪያ በ6 ሚሊ ሰከንድ ይመጣ ነበር፤ በብረት መደርደሪያዎቹ መካከል ስንገባ ወደ 80 ከፍ አለ፤ ከመጨረሻው ረድፍ ስንደርስ ጠፋ። በዚያ ረድፍ ራስጌ ላይ ሌላ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ፣ ተሰቅሏል፤ ስካነሩ ግን በበሩ በኩል የያዘውን ሩቁን አልለቅም ብሎ ቅርቡን አልያዘም። የበሩ አክሰስ ፖይንት የሬዲዮ ጉልበት ሲቀነስ ስካነሩ በጊዜ መልቀቅና ቅርቡን መያዝ ጀመረ። አዲስ ስካነር መግዛት አላስፈለገም። በጤና ኬላዎችም ተመሳሳይ ነገር አለ። የቆርቆሮ ጣሪያና የብረት በር የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳሉ፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያዳክማል፤ በተለይ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ዋይፋይ ከ2.4 ጊጋ ኸርዝ ይልቅ በግድግዳ ይሸነፋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የታብሌቷን መረጃ ለመላክ ኮረብታ ከመውጣቷ በፊት ፒንጉን እንደከፈተች በክፍሉ ውስጥ፣ በመስኮቱ አጠገብና በደጃፉ ብትቆም የሚሻለውን ቦታ ለይታ ታውቃለች፤ ያንኑ ቦታ የዘወትር መላኪያዋ ማድረግ ትችላለች።

ፒንግ የማይነግረንም ነገር አለ፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ደብዳቤዬ ጉድለት ይኖረዋል። ብዙ ሰርቨሮች ለደህንነት ሲባል ለፒንግ እንዳይመልሱ በፋየርዎል፣ ማለትም ያልተፈለገ ግንኙነትን በሚያግድ ማጣሪያ፣ ስለሚዘጉ አለመመለስ ሁልጊዜ መሞት አይደለም። በአንጻሩ መልስ መምጣቱ የመስመሩን ስፋት አያሳይም፤ 64 ባይት የምታህል ትንሽ መልእክት በሰላም አልፋ ፎቶግራፍ የያዘው ሰነድ ሊቀር ይችላል። ለዚህም የመልእክቱን መጠን ወደ 1,400 ባይት ከፍ አድርጎ ደግሞ መላክ ጠቃሚ ነው፤ ትንሹ አልፎ ትልቁ ሲቀር የመስመሩ ድካም ይገለጣል። 8.8.8.8 ደግሞ በዓለም ላይ በብዙ ቦታ በአንድ አድራሻ የሚመልስ አገልግሎት በመሆኑ «ወደ ውጭ መውጣት እንችላለን ወይ?» የሚለውን ይመልሳል እንጂ ለርቀት መለኪያ አይሆንም።

ፓኬጅ ይበላብኛል ብሎ የሚሰጋ ካለ ስሌቱ ቀላል ነው። አንዱ ፒንግ ከነማሸጊያው 84 ባይት ሲሄድ 84 ባይት ሲመለስ በድምሩ 168 ባይት ነው፤ በየሰከንዱ አንድ እየላኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሞክሩ እንኳ ስድስት መቶ ሺህ ባይት ቢሆን ነው፤ ይኸውም አንድ ሜጋ ባይት አይሞላም። በቴሌግራም ከምንቀባበላቸው ቪዲዮዎች አንዱ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከራውተሩ አጠገብ አንድ ወረቀት ይለጥፍ፤ በወረቀቱ ላይ የራውተሩ፣ የአንድ የውጭ አገልግሎትና የሚጠቀሙበት ሲስተም አድራሻ ይጻፍበት። አንድ ሠራተኛ ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ በስልኩ ፈትሾ ስንት እንደተላከ፣ ስንት እንደቀረና አማካዩ ጊዜ ስንት እንደሆነ በደብተር ይመዝግብ። ብልሽት ሲደርስ ይህ መዝገብ ተያይዞ ለመስመር ሰጪው ቢላክ «ዛሬ ብቻ ነው» ወይስ «ከሰኞ ጀምሮ እየባሰ መጣ» የሚለው ክርክር አይኖርም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንና ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለወረዳ ሠራተኞች በግማሽ ቀን ሥልጠና ይህን ማስያዝ አያቅታቸውም፤ የሚጠይቀው አስተማሪና አንድ ራውተር ብቻ ነው፤ መሣሪያው በየሠራተኛው ኪስ አለ።

ሌላው ጥያቄዬ ለሲስተም ባለቤቶች ነው። ሰርቨራቸውን ለፒንግ ሙሉ በሙሉ መዝጋታቸው ለእነርሱ ጥንቃቄ ቢሆንም ከታች ያለውን ሠራተኛ ጨለማ ውስጥ ይተወዋል። የሚመጣውን ብዛት ገድቦ መመለስ ይቻላል፤ ይህ ካልተፈለገ ከሰርቨሩ ጎን ለፍተሻ ብቻ የሚመልስ አንድ አድራሻ መመደብ ይቻላል። ያን አድራሻ ከአዲሱ የበጀት ዓመት በፊት ለየወረዳው በጽሑፍ ቢያሳውቁልን፣ ሰርቨሩ በእነርሱ በኩል ሲወርድም በዚያው ቀን በስልክ መልእክት ቢነግሩን፣ ሠራተኛው ለባለጉዳዩ «አባቴ፣ ችግሩ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደውዬ እነግርዎታለሁ» ለማለት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኔትወርክ ጥገና ባለሙያ
ከደብረ ብርሃን